የእናቴ የዋህነት

ባለፈው እሑድ ደብረ ታቦር ላይ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ሰባኪ በተራራው ስብከት ስላሉት ብፁዓን ሲያስተምር ቆሜ ሰማሁ። «የዋህ ማለት ቂም የማያውቅ ነው» ሲል አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ይህችን ቃል ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እንዲህ አድርጋ አላስተማረችኝም።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከተማ የምማር ጎረምሳ ነበርሁ፤ ለክረምት ጉና ግርጌ ወዳለው ቀያችን ተመልሻለሁ። አባቴ በሞተ በዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ጋሼ አደመ ድንበራችንን ገፋ። የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኛ በኩል ተከለና የገብስ መሬታችንን ለሙን ክፍል ከራሱ ጋር ቀላቀለው። እናቴ ሽማግሌም አልላከች፣ ቀበሌም አልሄደች። «ለእግዜር ሰጥቸዋለሁ» አለች፤ በቃ። አገሩ ሁሉ «የዋህ ናት» አላት። በእኛ ዘንድ የዋህ ሲሉ ግማሹ ምስጋና ነው፣ ግማሹ ሞኝ ማለት ነው።  እኔ የጋሼ አደመን በሬዎች ገደል ልስደድ፣ የገለባ ክምሩን ላቃጥል እያልሁ ስዶልት እውላለሁ።

በዚህ መሀል ፍልሰታ ገባች። አገሩ ዝናብና ጭቃ ብቻ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ በሶ በጥብጠን፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በርበሬ እያስነካን እንበላለን። ከዚያ የደብሩ የመጻሕፍት መምህር የኔታ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ያስተምራሉ። ያን ዓመት የያዙት ብፁዓንን ነበር። እንደ ትርጓሜ ቤት ልማድ ለአንዱ ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባሉ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ «ማን ይጨምራል?» ይላሉ። ጋሼ አደመ ነጠላውን አጣፍቶ ሁልጊዜ ከፊት ነው። «የዋሃን ምድርን ይወርሳሉና» የሚለው ለነገ መቀጠሩን ስሰማ ደሜ ሞቀ። ከዚህ የተሻለ ዱላ ከየት ይገኛል።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። «ነገ በሰው ፊት አንድም ብዬ እጨምራለሁ። አዋርደዋለሁ።»

ድንች መላጧን አላቆመችም። «ተው» አለችኝ።

«ለምን? አዘንሽለት እንዴ?»

«ምኑን አዝንለታለሁ? ቢያፍር ይደነግጣል። ቢደነግጥ ንስሐ ይገባብኛል።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «እንዳለ ይሂድልኝ። እኔ እሱን የምፈልገው በሰማዩ ዳኛ ፊት ነው።»

የእናቴን የዋህነት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለእግዜር መስጠት ይቅርታ አልነበረም፤ ይግባኝ ነበር። እኔ በሬ ገደል ልሰድ ሳስብ እሷ ሰውየውን ከነነፍሱ ልትሰደው ኖሯል። ኮራሁባት። ግን እኔ እስከዚያ መጠበቅ አልቻልሁም።

በማግስቱ የኔታ ምድር የተባለች መንግሥተ ሰማያት እንደሆነች አትተው ሲያበቁ «ማን ይጨምራል?» አሉ። ተነሣሁ። «አንድም፣ የዋህ ያላት መበለቲቱን ነው፤ ምድር የተባለችም አደመ ድንጋይ ነቅሎ የወሰዳት ናት» አልሁ። ጋሼ ማለቱን ሆን ብዬ ተውሁት።  የኔታ ተቆጥተው ያስቀምጡኛል ስል ትንሽ አሰብ አደረጉና «ያስኬዳል» ብለው ፍቺዬን ተቀበሉት። ጋሼ አደመ ቀና አላለም።

ጾሙ ሳይፈታ ያንኑ የድንበር ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ የኔታንና ጎረቤቱን አስከትሎ ከእናቴ ደጅ ተንበረከከ። ያለቅሳል፤ ለይምሰል የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ተበዳዩ ራሱ ካላወረደለት አይነሣም። እናቴ ዝናቡ ሲወርድበት ቆማ አየችው። «አውርጅለት፣ ልጄ» አሉ የኔታ። አሁንም ቆየች። በመጨረሻ አወረደችለትና «ይቅር ለእግዜር» አለች።

ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ ዞረች። «እሱ መሬቴን ቀማኝ። አንተ ደግሞ እሱን ቀማኸኝ።» እስከ መስቀል አላናገረችኝም።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ጋሼ አደመ ዛሬም አለ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አገላብጦ ይስመኛል፣ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ብፁዓኑን ስንት ጊዜ እንዳነበብኋቸው አላውቅም፤ የምፈልገው እናቴንና ራሴን ነው። የማገኘው ግን እሱን ነው፤ ከየዋሃኑ ከፍ ብላ ባለችው መስመር፣ አዝነው መጽናናትን ከሚያገኙት ጋር። እሱ መጽናናቱን ይዞ ሄደ። ለእኛ የቀረን መሬቱ ብቻ ነው።