ጨርቁ ላይ የወጣው ቀይ

ፈንታ ከሠፈራ መንደሩ ከአምባ ዘጠኝ የሦስት ቀን ይለፍ ያወጣው መኪና ሊወለውል ነው ቢባል የሚያምን አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ለቀርከሃ አጥር ሥራ» ተብሎ ተጻፈለት። የሠፈራ ጣቢያው ኃላፊ ማኅተሙን እየመታ፣ «ለአጥር ሦስት ቀን? አሶሳን በሙሉ ልታጥራት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ፈንታም አብሮ ሳቀ። ስለ መኪናዋ ለሰው ቢያወራ የምትጠፋ እየመሰለው ለሚስቱ ለእታለም ብቻ ነበር የነገራት።

እጆቹ ደሴ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና ቀለም ሲወለውሉ የኖሩ ናቸው። ጋራዡ ሲዘጋ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ፤ መሬቱን ደግሞ ድርቅ በላው። በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር እታለምን ደግፎ አሶሳ ከአውቶቡስ ወረደ። እታለም መቀመጥ እንኳ አቅቷት ሜዳው ላይ ተዘረረች። ያን ጊዜ ነው አንዲት የበርታ ሴት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዛ የመጣችው። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ የእታለምን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ በጣቷ እየቆነጠረች አጎረሰቻት። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ሴትዮዋ በቋንቋዋ ቀስ ብላ ታወራለች፣ እታለም ትውጣለች። ሳህኑ ጎደል ሲል ተነሥታ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ፈንታ በኋላ ገበያ ላይ አያትና ማን እንደሆነች ጠየቀ። ኢቲዳል ትባላለች፤ የወርቅ ነጋዴው የሐጂ ዓብዱልባሲጥ ባለቤት ነበረች፤ ሐጂ ሞተዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ምስጋናውን ጉሮሮው ላይ ይዞ ዞረ። ምን ይዞ ይሂድ? እሱ ቤት ያለ ነገር ሁሉ እሷ ቤት ሞልቷል።

የካቲት ላይ አንድ ሸክም ቀርከሃ ሊያደርስ ግቢዋ ገባ። ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ክዳኑ በረገፈ የቀርከሃ ዳስ ውስጥ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ዝቅ ያለች መኪና ቆማለች። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ሐጂ በእንግሊዞች ዘመን ከካርቱም ገዝተው፣ በበጋ በኩርሙክ በኩል በራሳቸው እጅ ነድተው ያመጧት ናት። ቀይ ነበረች። አሁን ግን ከአፍ እስከ ጭራዋ አመድ የነፉባት ትመስላለች፤ ኮፈኗ ላይ የማንጎ ሙጫ ጠብታ በጠብታ ደርቋል። ፈንታ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ። መዳፉ በዶማ ደድሮ ስለነበር የጣቶቹን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳለፈ። ነጭ ዱቄት ወጣ። ደስታው በደረቱ ውስጥ ዘለለ፦ ቀዩ አልሞተም፣ ተቀብሮ ነው እንጂ!

ከመኪናዋ ወዲያ የሐጂ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጁምዓ፣ አንድ ቆርቆሮ የበር ቀለምና ወፍራም ብሩሽ አስቀምጧል። የኢቲዳል ልጅ ኢንቲሳር በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ትዳራለች። ሐጂ በሕይወት ሳሉ «ልጄ ከዚህ ቤት የምትወጣው በዚች መኪና ነው» ይሉ ነበር። ሞተሩን ጁምዓ አስነሥቶታል፤ የቀረው ቀለሙን በብሩሽ መሸፈን ነው።

ፈንታ ወደ ኢቲዳል ሄዶ፣ «እትየ፣ ይቺን መኪና ለእኔ ይስጡኝ» አለ።

ኢቲዳል በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠፋሪዎች ጋር እየተገበያየች አማርኛ ለምዳለች፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችውና ሳቀች። «ወላሂ! ቀርከሃ አምጥቶ መኪና ይዞ ሊሄድ!»

«ሦስት ቀን ብቻ፣ እዚሁ ቆማ። ሐጂ የገዙት ቀይ ከሥር አለ፤ በብሩሽ ከተቀባ ግን ተመልሶ አይገኝም።»

«ከሌለስ?» አለ ጁምዓ።

«ከሌለ ብሩሹን እኔው ይዤ እቀባላችኋለሁ።»

ኢቲዳል እሺ አለች፤ በሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፈንታ ይለፉን ይዞ መጣ። በውኃና በሳሙና አጠባት፤ ሙጫውን በሰሊጥ ዘይት አለስልሶ አነሣው። ከዚያ አካሏን በሙሉ ያንኑ ዘይት ቀባና እንድትጠጣ ተዋት። ደሴ ሥራውን ያስተማረው የጋራዡ ጌታ «የደረቀ ቀለም መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይሠራ» ይል ነበር። ፈንታ ይህን ሲያስታውስ መኪናዋን በሌላ ዓይን አያት፤ እሷም ተርባ የመጣች፣ መሬት የተዘረረች እንግዳ መሰለችው።

ደሴ የሚያውቀው የፖሊሽ ቅባት አሶሳ የለም። የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭቶ፣ በሻሽ ሦስት ጊዜ ነፍቶ፣ በዘይትና በጥቂት ነጭ ጋዝ ለወሰው። ረቡዕ ጠዋት በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ኮፈኑ ላይ ጀመረ፤ አጭር አጭር፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሳይጫን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጨርቁ ቀላ። ከዚያ እጁም እስከ አንጓው ቀላ። ፈንታ ደስ ብሎት ያፏጫል።

ኢቲዳል ውኃ ልትሰጠው መጥታ ጨርቁን አየች። ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

«ያ ረቢ! መኪና ደማ! ሰውዬ፣ የሐጂን ቀለም እየላጥክ ነው!»

ጁምዓ እየሮጠ መጣ። «አላልኩሽም? በሦስት ቀን ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚቀርልሽ!»

ኢቲዳል ጨርቁን ነጠቀችው፤ ደረቷ ላይ ያዘችው። በተከናነበችው ነጭ ቶብ ላይ ቀዩ ታተመ። ፈንታ ቀይ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፤ ሊያመሰግን መጥቶ ሌባ መሰለ።

«እትየ፣ ይህ የድሮ ቀለም ላዩ ላይ እንደ መስታወት የሚሸፍነው ነገር የለውም። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀይ ነው። ፀሐይ ያቃጠለውን ላዩን ስናነሣ ጨርቁ መቅላቱ አይቀርም። ጨርቁ ባይቀላ ነበር የምፈራው።»

«ከሥር ስንት ቀረ?»

ፈንታ መዋሸት ይችል ነበር። «አላውቅም። ከቀዩ በታች ያለው የግራጫው መሠረት ቀለም ጥላ ከታየኝ አቆማለሁ። ካለፍኩት ግን የሚመልሰው የለም።»

ኢቲዳል በርጩማ አስመጥታ ኮፈኑ አጠገብ ተቀመጠችና ጨርቁን መለሰችለት። «እኔ እያየሁ ሥራ። ቁም ካልኩ፣ ቁም።»

ሠራ። ትንፋሹን ይዞ፣ ላባ እንደሚዳስስ ሠራ። እሷ ጨርቁን በዓይኗ ተከተለች። ቀትር ሲሆን በንጹሕ ጨርቅ ኮፈኑን አንድ ጊዜ ጠረገው። የማንጎው ቅጠሎች ከነፍሬያቸው ኮፈኑ ውስጥ ተገልብጠው ታዩ። ቀዩ ጥልቅ ነበር፤ እጅ የሚገባበት ይመስል ነበር። ኢቲዳል ጎንበስ አለች። ቅጠሎቹ መሐል የራሷን ፊት አየች።

«ሐጂ ሲገዛት እንዲህ ነበረች» አለች በለሆሳስ። «እኔም እንዲህ ነበርኩ።»

ጁምዓ ቆርቆሮውን አንሥቶ «የግቢውን በር እቀባበታለሁ እንግዲህ» አለና ሁሉም ሳቁ።

ፈንታ የቀረውን አካሏን እስከ ማታ ወለወለ። ሐሙስ፣ በሠርጉ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ በነጭ ጋዝ የሟሟ ሰም ቀባት፤ ጨረሰ። ኢቲዳል እየዞረች ስታይ ቀኝ በር ላይ ቆመች። ከበሩ አናት መዳፍ የምታህል ቦታ ደብዝዛ ቀርታለች።

«እዚህስ? ደከመህ?» አለ ጁምዓ።

«እዚያች ላይ ጨርቅ አላሳረፍኩም» አለ ፈንታ። «ስትታጠብ ነው ያየሁት፤ ግራጫው ሊወጣ ደርሷል። ሾፌሩ ክንዱን አውጥቶ የሚያሳርፍባት ቦታ ናት። ሐጂ ራሳቸው በክንዳቸው በስንት ዓመት ወልውለዋታል። እኔ ብጨምርበት ያልቃል።»

ኢቲዳል መዳፏን እዚያ ቦታ ላይ ጫነች። አላለቀሰችም፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሣችም። ከዚያ ወደ ፈንታ ዞራ፣ «ባረከላህ። ይህን ሁሉ ለምን አደረግክልን?» አለችው።

ጉሮሮው ላይ የቆየው ነገር ወጣ። አውቶቡሱን፣ ሜዳውን፣ ገንፎውን፣ የእታለምን ራስ ነገራት። ኢቲዳል ግንባሯን ቋጠረች፤ ፊቱን መረመረች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ያን ቀን ሰው ብዙ ነበር። አላስታውስም፣ ይቅር በለኝ። ሚስትህ ዳነች?»

«ዳነች እትየ። ማክሰኞ ስመጣ ጎመን ስትኮተኩት ነው የተውኳት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አሁን ነው ዓይኗ እንባ ያቀረረው።

ፈንታ አለመታወሱ የሚያሳዝነው መስሎት ነበር፤ ቀለለው። ስንቱን ብታጎርስ ነው ያልለየችን ብሎ ተደነቀ።

ይለፉ እስከ ማታ ስለሆነ ሠርጉን ሳይጨርስ ተነሣ። ከከተማ ወጥቶ ወደ አምባ ዘጠኝ ሲራመድ ከኋላው እልልታ ሰማና መንገድ ለቀቀ። መኪናዋ ደረሰች። ፈንታ የሚነዳው ጁምዓ መስሎት ነበር፤ ጁምዓ ግን ግራው ወንበር ላይ ተኮፍሷል። መሪውን የያዘችው ሙሽራዋ ኢንቲሳር ራሷ ናት፤ እያዘገመች፣ እየሳቀች። ሒና የተቀባ ክንዷ ከበሩ አናት፣ ከደበዘዘችው ቦታ ላይ አርፏል።

አቧራው ተነሥቶ የሦስት ቀን ሥራውን አለበሰው፤ እሱንም አለበሰው። ፈንታ በቀይ እጁ ዓይኑን ጠረገና እያፏጨ መንገዱን ቀጠለ። እታለም እጁን ስታይ እንደምትደነግጥ ያውቃል፤ ደም እንዳልሆነ ሲነግራት ምን እንደምትል ለመስማት ቸኮለ።