የጠፋችው ወፍ ተረከዝ፦ ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ጨለማው ገና አልተገፈፈም። ከኋላዬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ አራት የጎጃም ሰዎች ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። እኔ የታቀፍኩት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በጥጥ የተሸፈነ፣ ከትንሽ ጣት የሚያንስ፣ በፕላስቲክ የተቀረጸ የአጥንት ቅጂ አለ፤ እጅግ በጥንት ዘመን አውሮፓ ውስጥ ትኖር የነበረች፣ ዘሯ የጠፋ የአይጥ ወፍ የእግር አጥንት።

የአይጥ ወፍ የምንላት ጭራዋ ከአካሏ የሚረዝም፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የምትሹለከለክ ፍሬ በል ወፍ ናት። ዛሬ በሕይወት ያሉት ከአፍሪካ ውጭ የትም የሉም። ለሁለተኛ ዲግሪ በጻፍኩት ጥናት፣ ያቺን የጠፋች ወፍ ከዛሬዎቹ ቤተሰብ መድቤያታለሁ። አንድ እንቅፋት ነበረብኝ። በዛሬዎቹ ተረከዝ ላይ የጣት ጅማት የሚያልፍበት ትንሽ የአጥንት ዋሻ አለ፤ በቅጂዬ ላይ ግን ያለው ክፍት ቦይ ነው። "ጣሪያው ተሰብሮ ወድቋል" ብዬ ጻፍኩ።

አማካሪዬ ወረቀቱን መለሱልኝ። "ያልተሰበረ ተረከዝ በእጅሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ትምህርት ክፍላችን ያለው አንድ የደጋ የአይጥ ወፍ አጽም ነው፤ እሱም ተረከዙ ደቅቋል። ስለዚህ ማጅራቷ ሰማያዊ የሆነችውን የቆላዋን ዘመድ ፍለጋ ወረድኩ። የያዝኩት የፈቃድ ደብዳቤ የሞተች ወፍ ብቻ እንዳነሳ ይፈቅዳል።

ረፋድ 5 ሰዓት፣ ሸሕዲ

አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸሕዲ ስንደርስ ሸሚዜም ከጀርባዬ ተጣብቋል። መንገዱ ዳር የቀን ሠራተኞች ተኮልኩለው ትራክተር የሚጎትተውን ተሳቢ ይጠብቃሉ። ሹፌራችን አስናቀ ፉል እየበላን ስለ ቆርቆሮው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"አንድ ወንጭፍ እኮ ነው! እኔ ራሴ አወርድልሻለሁ።"

"የሞተች ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።"

"እስክትሞት ዛፍ ስር ቁጭ ልትይ ነው?"

"ካስፈለገ እቀመጣለሁ።"

ሳቀና ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነከረ። "እንግዲያው መተማ እትዬ ዝይን ጋ ላድርስሽ። የሴትዮዋ ጠብ ከሰው ሳይሆን ከወፍ ነው።"

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መተማ ዮሐንስ

ወደ ድንበሩ የተሰለፉት የጭነት መኪናዎች ጥላ ስር ረዳቶች ተኝተዋል። ባጃጆች በመሃላቸው ይሹለከለካሉ። የእትዬ ዝይን የፍራፍሬ ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ነው። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ። እሳቸው የውሃ ሞተራቸውን አጠፉና ደብዳቤዬን ሳያዩ ጠየቁኝ።

"ከግብርና ነሽ? በመረቡ ልትከሺኝ ነው?"

"የለም እናቴ። ተማሪ ነኝ። አጥንት ነው የምፈልገው።"

አምና ዘይቱናቸውን በመረብ ሸፍነው ነበር። ወፎቹ እግራቸው ተጠላልፎ ሞቱ። "አንድ ጧት ብመጣ ስድስት ተንጠልጥለዋል። ፍሬዬን ቢበሉም አንጀቴን በሉት። መረቡን አወለቅሁ፤ ውሻ እንዳይጎትታቸው ብዬ እዚህም እዚያም ሎሚ ስር ቀበርኋቸው።"

"የትኞቹ ሎሚዎች?"

ወደ ማሳው አዩ። አሥራ አንድ የሎሚ ዛፍ ነበር።

"እሱን እንጃ!"

ዓርብ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት

በማንኪያ እየቆፈርኩ አፈሩን በወንፊት ነፋሁ። አንደኛው ዛፍ፣ ምንም። ሁለተኛው፣ የዶሮ አጥንት። እትዬ ዝይን ውሃ እያጠጡ ያልፉና "አሁንም አልተውሽም?" ይሉኛል። ከራሴ በላይ በሕይወት ያሉት ወፎች ዘይቱኑ ላይ ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተንጠልጥለዋል። አራቱንም ጣቶቻቸውን ወደ ፊት አዙረው ቅርንጫፉን እንደ መንጠቆ ይዘውታል፤ አንዷ ስትንቀሳቀስ ዳር ያለው ጣቷ ወደ ኋላ ዞረ። በሥዕል ብቻ የማውቀውን በዓይኔ አየሁት።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰባተኛው ሎሚ ስር ወንፊቱ ላይ ቀጭን ነገር ቀረ። የእግር አጥንት! በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፣ በውሃ አጠብሁት። ተረከዙ ሙሉ ነው። ዋሻው የመርፌ ጫፍ ያሳልፋል። አራት እግሮች አወጣሁ፤ አራቱም ያው ናቸው።

ከዚያ ቅጂዬን አጠገባቸው አስቀምጬ በማጉያ መነጽር ተመለከትኩ። የአንዱን ወፍ ዋሻ ጣሪያ ሆን ብዬ በመርፌ ሰበርሁት። በሁለቱም ጠርዝ ሸካራ ጉብታ ቀረ። ቅጂው ላይ እንዲህ ያለ ጉብታ የለም፤ የቦዩ ጠርዝ ለስላሳና ክብ ነው። እዚያ ጣሪያ ኖሮ አያውቅም። አልተሰበረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ሎሚው ስር ተቀመጥሁ። የፈረሰው የሁለት ዓመት ድካሜ ነው።

"ምነው፣ አልሆነልሽም?" አሉ እትዬ ዝይን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው።

"ሆነልኝ። ግን የጻፍኩት ስህተት መሆኑን ነው የነገረኝ።"

አጥንቶቹን ተራ በተራ አዩ። "እና ትተይዋለሽ?"

"አልተወውም። የቀሩትን ዛፎችም እቆፍራለሁ፤ በአራት እግር ብቻ አልፈርድም።"

ተነሥተው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ዶማ ይዘዋል። ከዘጠነኛው ዛፍ ሥር ከሌላ ወፍ ሁለት እግር አገኘን፤ እነሱም ዋሻ አላቸው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ጎንደር

አቧራዬን ሳላራግፍ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ስድስቱን እግርና ቅጂውን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርሁ። ረጅም ጊዜ በማጉያው አዩ።

"ስድስቱም ዋሻ አላቸው፤ የእሷ ቦይ ግን ጣሪያ ኖሮት አያውቅም። ከዛሬዎቹ ቤተሰብ አይደለችም" አልኳቸው። "ከእነሱ ቀድሞ ከተለየው፣ ዘሩ ከጠፋው ቅርንጫፍ ነው የምመድባት። ምዕራፉን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።"

"ምረቃሽ ያልፍሻል እኮ።"

"ይለፈኝ።"

አማካሪዬ ማጉያውን አስቀምጠው ከጠረጴዛቸው ላይ ወረቀቶቻቸውን ሰበሰቡ፤ ቦታ ሲለቁልኝ ወንበሩን ሳብሁና የመጀመሪያውን እግር መለካት ጀመርኩ።