የኤለን ደብዳቤዎች

ባለፈው ሳምንት የቆየ የመኪና ኢንሹራንስ ወረቀት ስፈልግ ጣቴ ላይ የአግራፍ ዝገት ቀረ። ልጠርገው ስል ሸተተኝ፤ ደረቅ፣ ብረት ብረት የሚል፣ አቧራም ያለበት ሽታ። አወቅሁት። ካናዳ በገባሁ በመጀመሪያው በጋ ሦስት ወር ሙሉ ከጣቴ አልለቀቀኝም ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ዘንድ ሳሎን ውስጥ እተኛለሁ። አክስቴ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር፤ «እዚህ አገር ዲግሪሽን ማንም አያይልሽም። ካናዲያን ኤክስፒሪየንስና ሪፈረንስ ነው የሚያዩት።» እዚሁ አገር የተሠራ ሥራና የአሠሪ ምስክርነት ማለቷ ነው። አገር ቤት ታሪክ ተምሬ ስለነበር፣ አዲስ ገቢዎችን የሚረዳ አንድ ቢሮ ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ወደ አንድ ትንሽ ቤተ መዛግብት ላከኝ።

ሥራው ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነበር። በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ ነጭ ጸጉራቸውን ጠቅልለው እርሳስ የሚሰኩበት አሮጊት ነበሩ፤ በበጋው መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እንዳልኳቸው ኖሬያለሁ።

ከፊቴ ያስቀመጡት አሥራ አንድ ሳጥን ወረቀት ነበር። የወረቀቱ ባለቤት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ በቶሮንቶ፣ በገዛ ቤቷ ሳሎን፣ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተች መምህርት ናት። ለሴት ልጅ ጥልፍና ፒያኖ ይበቃታል በሚባልበት ዘመን ጂኦሜትሪና ላቲን ታስተምር ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም። የቀራት ወረቀቷ ነው፤ የስም መጥሪያ መዝገብ፣ የተማሪዎች ድርሰት፣ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ። አንድ ልማድ ነበራት፤ ደብዳቤ ሲደርሳት ከአናቱ የደረሰበትን ቀን፣ ከግርጌው ደግሞ መልስ የላከችበትን ቀን ትጽፋለች። አትዘልም። ለአንዲት የስልክ መልእክት ሳምንት የምቆየውን እኔን አሳፈረችኝ።

አለቃዬ ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህችን ሴት ሕይወት ሲጽፉ ኖረዋል። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ አልቆ ማተሚያ ቤት ገብቷል። የመጨረሻውን ምዕራፍ በቃላቸው ይነግሩኝ ነበር። መምህርቷ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ኤለን የምትባል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቱን ልታወርሳት አዘጋጅታት ሳለ፣ ኤለን አግብታ ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄደች። «ከዚያ በኋላ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችላትም» ይላሉ አለቃዬ፣ የገዛ ልጃቸው የከዳቻቸው ያህል ከንፈራቸውን ጭምቅ አድርገው። መምህርቷ ስትሞት ትምህርት ቤቱም ተዘጋ።

የኔ ሥራ ቀላል ነበር፤ የዛገውን አግራፍ መንቀል፣ ደብዳቤዎቹን በጸሐፊያቸው ስም በፊደል ተራ አዲስ ፎልደር ውስጥ ማስገባት። ሁለት ሳምንት አንገቴን ሳላቀና ሠራሁ። ከዚያ አለቃዬ መጥተው አንዱን ሳጥን ከፈቱ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

ጸሐፊዎቹን ሁሉ በራሳቸው ስም ነበር የደረደርኳቸው። ሜሪዎች አንድ ላይ፣ ሣራዎች አንድ ላይ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስም ሲጠራ እኔ የተቀመጥኩት በራሴ ስም ነው፤ አባቴ ከኋላ ይከተላል እንጂ አይቀድመኝም። እዚህ ሰው በቤተሰብ ስሙ እንደሚደረደር ማንም አልነገረኝም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎስ ማን ያስባል! ላብ በላብ ሆንኩ። አለቃዬ አልጮሁም፣ እሱ ደግሞ ባሰኝ። «እንደነበረው መልሺው» ብለው ወጡ። በቃ፣ ሪፈረንሴ ውኃ በላው አልኩ።

ሳፈርሰው ነው ያየሁት። በኤለን ስም ከሰበሰብኳቸው ደብዳቤዎች መካከል ሁለት ዓይነት የቤተሰብ ስም አለ፤ እጅ ጽሑፉ ግን የአንድ ሰው ነው። አንደኛዋ ተማሪዋ ኤለን ናት። ሁለተኛዋ ድሮ የደረደረው ሰው «የወላጆች ደብዳቤ» ብሎ ከብዙ ሰው ጋር ያጨቃት ባለትዳር ናት። አግብታ የባሏን ስም ስትይዝ ከራሷ ተለይታ ሌላ ሳጥን ገብታለች። አለቃዬ ሃያ ዓመት የፈለጓት ከማግባቷ በፊት በነበራት ስም ነበር። አግብታ ከሄደች በኋላ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፋለች። በሁሉም አናት ላይ የደረሱበት ቀን አለ። ግርጌያቸው ባዶ ነው።

መምህርቷ ለአንዱም አልመለሰችም።

«ዝም በይ» አለች አክስቴ ስነግራት። «ሪፈረንስሽን ተቀበዪና ውጪ። ሴትዮዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ አንቺ ምን አገባሽ? መጽሐፋቸውን ካንስል ካስደረግሽባቸው ነገ ለሥራ ስታመለክቺ ማን ኮል ያደርግልሻል?»

እውነቷን ነበር። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዎቹን ለያይቼ ኤለንን ወደ ወላጆች ሳጥን ልመልሳት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ፎልደሩን እንዳለ ወስጄ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ቀኑን ሙሉ አነበቡ። ምሳቸውንም አልነኩም። ወደ መጨረሻ ጠሩኝና አንዱን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ እስከማስታውሰው እንዲህ ይላል። «እኔን ቢቀየሙኝ ይቀየሙኝ። ለልጄ ግን አንድ መስመር ይጻፉላት። ጂኦሜትሪ እኔው ጀምሬላታለሁ።» ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሃያ ዓመት የወቀስኩት ያላጠፋችውን ነው» አሉ። ፎልደሩን ዘግተውም፣ «ግን አንዱንም አልጣለችውም። መልስ የማትጽፊለትን ሰው ደብዳቤ ለምን ታስቀምጫለሽ?»

ያኔ አላወቅሁም። አሁን ኩራት እለዋለሁ፤ ኩሩ ሰው ናፍቆቱንም ቀን ጽፎበት ያስቀምጣል። አለቃዬ በጣም አሳዘኑኝ።

መጽሐፉን ከማተሚያ ቤት አስመለሱት። እኔንም አልተቀየሙኝም፤ ሪፈረንሱን ጽፈው፣ አልፈው ተርፈው እዚያው እንድቀጠር አደረጉ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን አላረሙትም። ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ደከመ። መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ። የኤለንን እውነት የያዘው ያ ፎልደር ብቻ ሆነ።

በየጥቂት ወሩ ይደውሉልኝ ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ አክስቴ ጉልበት ከጠየቁ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ይመጣሉ። «ፎልደሩን የጠየቀ አለ?»

«የለም።»

«ይመጣል» ይላሉ። ደግሞ ከወራት በኋላ ይደውላሉ። የለም እላለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉት ኢስት ዮርክ ካለ ሆስፒታል ነበር። ድምፃቸው ሳስቷል፤ ስለ አየሩም አልጠየቁኝም። «የጠየቀ አለ?»

«አዎ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ትናንት አንዲት ልጅ መጥታ ቀኑን ሙሉ ስታነብ ዋለች።»

«ሁሉንም?»

«አሥራ ዘጠኙንም።»

«እሰይ» አሉ፣ «እሰይ።» ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ውሸት አይሆንልኝም፤ ሌቱን ስገላበጥ አደርኩ። በማግስቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሆኖም ሄድኩ፤ ግን ሠራተኛ ሆኜ አልነበረም። ቦርሳዬን አስረክቤ፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ ቅጽ ሞልቼ፣ ፎልደሩን ጠይቄ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በእጄ ሲያልፍ ፊርማና ቀን አየሁ እንጂ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳልቸኩል አነበብኩ። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አሥራ ዘጠነኛውን ጨረስኩ።

አለቃዬ ያረፉት እኔ ባነበብኩ በነጋታው ነው። ስለዚህ የነገርኳቸው ነገር፣ ሁለት ቀን ዘግይቶም ቢሆን፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ እውነት ሆኗል።