ባለቤቴ ጣት ላይ የታየው ዘጠና ዘጠኝ

ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ በቫን ሳመላልስ፣ ተራዬ እስኪደርስ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ አነብ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ የገዛሁት የሕክምና መጽሐፍ ከጡብ ይከብዳል። ከእሱ ያላወቅሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለ መመረዝ የሚያወራውን ምዕራፍ ብቻ፣ እኛ ቤት መርዝ የሚጠጣ የለም ብዬ ዘልዬዋለሁ።

አንድ የጥር ጠዋት በምንኖርባት ሜስኪት ከተማ የወረደው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ ሆነና መብራት ጠፋ። ጎረቤቶቻችን መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሂተር ሲያበሩ በመስኮት እያየሁ ሳቅኩባቸው። እኔ የባርቤኪውን ከሰል በረንዳ ላይ በማንደጃ አቀጣጠልኩ። ደንቡን አውቃለሁ፤ የሚጎዳው ጥቁሩ ከሰል ነው፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ቤት ይገባል። እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። መስኮቶቹን ቀደም ብዬ በፕላስቲክና በቴፕ አሽጌያቸው ስለነበር ነፋስ ቀርቶ ወሬም አይገባም። የእናቶቻችን ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ እንደነበር ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ከሰዓት ላይ ባለቤቴ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው አለች። አስመለሳት። ልትቆም ስትል ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔንም አዙሮኝ ነበር፤ ንባብ አብዝቼ ነው ብዬ አለፍኩት። በሩ ሲንኳኳ ማንደጃውን በረንዳ አውጥቼ ከደንኩት። የኪራይ ውሉ ቤት ውስጥ እሳት ይከለክላል፤ እኔ ደግሞ ውል ሳላነብ አልፈርምም። የመጣችው ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው ጎረቤታችን ናት። ሻማ ልትጠይቅ መጥታ ባለቤቴን ስታይ፣ ሻማውን ረስታ ሁለታችንንም መኪናዋ ውስጥ አስገባችን።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሷ የደም ኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ባለቤቴ ጣት ላይ ሰካች። ዘጠና ዘጠኝ አለ። ደስ አለኝ፣ ለጎረቤታችንም ማስረዳት ጀመርኩ። የጤናማ ሰው የደም ኦክስጅን ከዘጠና አምስት እስከ መቶ ነው፤ ከዘጠና በታች ሲወርድ ያሰጋል። ሳንባ ሲታመም ይቀንሳል፣ ከፍተኛ ተራራ ላይም ይቀንሳል። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ቀለም ከተቀባ መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል። ማንም እንዳይጠራጠር የባለቤቴን ጣት አሽቼ አሙቄ እንደገና አስለካሁ። ዘጠና ዘጠኝ። ጉንፋን ነው፣ ቤት እንሂድ አልኩ።

ጎረቤታችን መኪናዋን በሩ ላይ ትታ ስለነበር ፓርክ ልታደርግ ተነሳች። ስትወጣ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩን ይተዉና እሷን ይዩዋት» አለችኝ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። የኪራይ ውሉ ትዝ አለኝ። ለባለቤቴ፣ ምግብ በልተሻል ወይ ይልሻል አልኳት። አልበላሁም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለሐኪሙ፣ ምንም አልነበረም ብዬ ነገርኩት። በአስተርጓሚነቴ እስከዚያ ቀን ማንም ቅሬታ አላቀረበብኝም።

ሐኪሙ ጽፎ ጨርሶ ወደ በሩ ሲሄድ ባለቤቴ አይኗን ገለጠች።

«የልጆቹ አባት የት ሄደ?»

«አጠገብሽ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተን አይደለም» አለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። መሣሪያውን አየሁት፤ አሁንም ዘጠና ዘጠኝ ይላል። ያን ቁጥር ያን ያህል የጠላሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ደረስኩበትና፣ ከሰል ነበር፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱም ታሽጓል አልኩት።

እየሮጠ ተመለሰ። ባለቤቴ ፊት ላይ የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁላት፣ ደም ቀድተው ላቦራቶሪ ላኩ። የእኔንም ቀዱ፤ ለእኔም ጭምብል ሰጡኝ። ሁለታችንም በከሰል ጋዝ ተመርዘናል፤ የእሷ ይብሳል። መሣሪያው የሚያየው የደሙን ቅላት ብቻ ነው አለኝ ሐኪሙ፤ የከሰል ጋዝ የተሸከመ ደምም ለእሱ ቀይ ነው፣ ከኦክስጅኑ ለይቶ አያውቀውም። እሱ ሳይጨርስ ገባኝ። የቫን ሹፌር ነኝ፤ ወንበሩ ሞልቷል፣ የተሳፈረው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ኦክስጅን ዳር ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙ ራሱ እንዲህ አድርጎ ሊያስረዳው አይችልም ነበር።

ከሰዓታት በኋላ ባለቤቴ ጭምብሏን በሁለት ጣት ከፍ አድርጋ አየችኝ።

«ከሰሉን ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ማን እንዳስገባውስ?»

«እሱን አልጠየቁኝም።»

ጭምብሏን መለሰች። ተመልሳ አጠገባችን የተቀመጠችው ጎረቤታችን የእኔንም እንዳጠልቅ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ የቫኑን ምሳሌ ለነርሷ ላስረዳ ብዬ አውልቄው ነበር።