«አትየው፣ ራሱ ይምጣ»

የውሻ ነገር ለሟች መታሰቢያ ይሆን እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ባሕር ማዶ ስቶቭነር በሚባል ሰፈር ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ሰው የሚፈራና የሚናከስ አንድ ውሻ ከሰው ያለማምዱ ነበር። እንግዳ ሁሉ ለውሻው ጀርባውን ሰጥቶ ወለል ላይ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ለውሻው፣ ወለሉ ለእኛ ሆነ?» አልኳቸው።

«አትየው፣ ራሱ ይምጣ።»

አጎቴ ካረፉ በኋላ ውሻው እሳቸው ከሥራ ይገቡበት በነበረው ሰዓት በሩን እያየ ጅራቱን ይቆላ ነበር። እኔን ካልለመደ የሚወስደው ስለሌለ በመርፌ ሊገደል ነው። በየቀኑ በእሳቸው ቦታ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ልዞር ስል ድምፃቸውን የሰማሁ መሰለኝ፤ አልዞርኩም። ውሻው ጀርባዬን ተደግፎ ተኛ።

አሁን በዚያ ሰዓት በሩን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ውሻው እኔን ለምዶ በሩን ማየቱን የተወው በሚያዝያ የመጨረሻ እሑድ ነው።