ገብስ ያበቀለው ጀሶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም የምጽፈው ሰሌዳ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት የሚጠፋኝ ነገር ወረቀት ላይ ይመጣልኝ ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት። ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

የምጽፈው ስለ ቀኝ እግሬ ነው። ከጉልበቴ በታች ተሰብሮ ነበር። የሰበረኝ በግ ነው። ይኸን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ሰው ከፈረስ ወድቆ ይሰበራል፣ መኪና ተገልብጦበት ይሰበራል። እኔን ግን የገዛ በጋችን፣ ጓሮ ካቡ ላይ ቆሜ የተሰጣ በርበሬ ስሰበስብ፣ ከኋላዬ ተንደርድሮ መጥቶ በግንባሩ ገጭቶ ወደ ታች ወረወረኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየኝና በርበሬውን ሊቀምስ ሄደ።

መንደራችን ጎንደር አጠገብ ካለችው ማክሰኝት በላይ ያለ ደጋ ነው። መኪና የሚገኘው ሁለት ሰዓት ቁልቁል ተወርዶ ነው። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወረዱ። ያ ሁሉ ወንድ ሲሸከመኝ አፈርኩና ጋቢውን እስከ አናቴ ተከናነብኩ። ለካ የተሸፈነ ቃሬዛ ያየ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ልቅሶ ጀመሩ።

«ምነው ልጄ! ምነው በዚህ ዕድሜሽ!» እያለች አንዷማ ደረቷን ትመታለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ አታውቅም።

ቀና ብዬ «አለሁ» ማለት ነበረብኝ። ግን አፈርኩ። ያን ያህል ከለፉ በኋላ አልሞትኩም ማለት እነሱን ማዋረድ መሰለኝ። እንዲሁ ተሸፍኜ ሲያለቅሱልኝ ቆየሁና አስነጠሰኝ። ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴትዮ ቅርጫቷን ጥላ ሽቅብ ሮጠች።

ከፊት ከፊት የሚመራን አያ ነበር። አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እናቴም እኔም አያ ነው የምንለው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ተጠሪ እሱ ነው። አያ በአንድ የእርሻ ድንበር የተነሳ ፍርድ ቤት ሲመላለስ እኔ ተወልጄ፣ ድኼ፣ ትምህርት ጀምሬ፣ አቁሜያለሁ። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ አያ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቤት ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እግሬ እንደተሰበረ ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው የሚከሰስ ሰው መፈለግ ነበር። በጉ የራሳችን መሆኑ ሲነገረው ፊቱ ወደቀ። ከስብራቴ ይልቅ ያ ሳያሳዝነው አልቀረም።

እናቴ «ይኸን እርጉም ዛሬውኑ እረዱልኝ» ስትል ግን ከለከላት።

«ነገሩ ሳይዘጋ አይታረድም» አላት። «ኤግዚቢት ነው።»

በጉ ለብቻው ታስሮ ድርቆሽ ይቀርብለት ጀመር።

ጎንደር ሆስፒታል ራጅ አነሱኝና ጀሶ አሰሩልኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

«ውኃ እንዳይነካው። እንዳትረግጪበት። ከአራት ሳምንት በኋላ ለክትትል ትመጫለሽ፤ አጥንቱ እንደያዘ መቆየቱን ማየት አለብኝ። ከተንሸራተተ ተጣሞ ይገጥምና በቀዶ ጥገና ብረት ማስገባት ሊመጣ ይችላል። ገባሽ?»

እኔ ወለሉን አየሁ።

«ገብቷታል» አለ አያ።

«አሁን ያምሻል?»

«ማታ ማታ ነው የሚብስባት» አለ አያ። የአያ ቤት ከእኛ ወንዝ ማዶ ነው፤ የተሰበርኩት ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ማታዬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም።

ሦስት ሳምንት በደኅና አለፈ። ከዚያ እግሬ ጀሶው ውስጥ ያሳክከኝ ጀመር። እናቴ ማሳከክን ከክፉ ነገር እንጂ ከቆዳ አትቆጥረውም። አንድ ጠዋት በጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች።

«ሐኪሟ ውኃ አይንካው ብላለች» አልኳት በልቤ። በአፌ ምንም አላልኩም። ልቤን ሳትሰማ አልቀረችም፣ ራሷ መለሰችልኝ። «የተከለከለው ውኃ ነው። ጠበል ማን ከለከለ?»

ግማሹን ጀሪካን አፈሰሰችበት። ጀሶው እስከ ቀትር ድረስ ሾርባ ውስጥ የወደቀ ዳቦ ሆነ። እየተፈረፈረ ሲወርድ እናቴ ደነገጠችና አያን አስጠራችው። አያ መጥቶ እግሬን ዞር ዞር እያለ አየው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ይኸ ምርጊት ነው የሚፈልግ» አለ።

አያ ቤት ሲመርግ ከአካባቢው የሚስተካከለው የለም። ጭቃና ጭድ አቡክቶ፣ በሸምበቆ ደግፎ፣ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ መረገው። ሲደርቅ ነጭ እንዲሆን በላዩ ኖራ ቀባው። ከሩቅ ሲያዩት ሸጋ ነበር። ከቅርብ ግን ግድግዳ የለበስኩ ነበር የምመስለው። እናቴ ምርጊቱ እንዳይሰነጠቅም፣ ክፉውም እንዲርቅ እያለች በየጠዋቱ ጠበሏን ትረጭበታለች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አጨዳ ስለነበር ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ጠፋ። አያ ግን አልተጨነቀም።

«በቀጠሮ ቀን ወኪል መቅረብ ይችላል» አለና ካርዴን ይዞ፣ ስወድቅ ያየ አንድ ጎረቤት ለምስክርነት አስከትሎ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ የድሮ ወዳጅ አለው። እሱ ዘንድ ሄዶ አንድ ገጽ አስጻፈ። «ጉዳዩ፦ የተሰበረ እግር እንዲድን ስለመጠየቅ» ይላል፤ ቅጂውን አሳይቶኛል።

ሐኪሟ ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበበች አለ። ከዚያ «አባቴ፣ እግሩስ?» አለችው።

«እግሩ ለመንገድ አልተመቸውም» አላት። «እኔ ግን ሙሉ ውክልና አለኝ።»

ጎረቤቱ ደግሞ «መውደቋን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ። ሐኪሟም በሚቀጥለው ሳምንት እግሩን ራሱን ይዘው እንዲመጡ ነግራ መለሰቻቸው። አያ ደስ ብሎት ነው የተመለሰ።

«መዝገቡ ለሳምንት ተቀጥሯል» አለን። «ሴትዮዋ ትሰማለች።»

እኔ ግን በዚያ ሳምንት ለማንም ያልነገርኩት ነገር አደረግሁ። ወደ መጸዳጃ ለመሄድ ሰው መደገፍ ነበረብኝ። እናቴ አጨዳ ላይ ናት፤ ቤት የሚውለው የጎረቤታችን ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱን «ደግፈኝ፣ መጸዳጃ ልሂድ» ከምለው ብሞት ይሻለኛል። ስለዚህ ተነስቼ በምርጊቱ ረገጥኩ። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ነገር ውስጡ ቀጭ አለ። ጭቃው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሌሊቱን ግን ሐኪሟ ያለችው ብረት ትዝ እያለኝ ሳለቅስ አደርኩ። ጠዋት እናቴ «ምነው ዓይንሽ አበጠ?» ስትለኝ «ጭስ ነው» አልኳት።

በቀጠሮው ቀን ሰው ተገኘና በቃሬዛ አወረዱኝ። ጋቢውን አልተከናነብኩም። ሚኒባሱ አዘዞን ሲያልፍ አያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ምክር ሰጠኝ።

«ስለ ጠበሉ ቢጠይቁሽ አላውቅም በይ። ስለ ምርጊቱም ዝም። ያመነ ይፈረድበታል፤ የካደ ማስረጃ ይምጣብኝ ይላል። መናገሩን ለእኔ ተይው።»

መናገርን ለሰው መተው ለእኔ ምክር አይደለም፣ ኑሮዬ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐኪሟ ልብሱን ገልጣ እግሬን አየች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«አባቴ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ጀሶ ነው፣ ክብርት ዶክተር» አለ አያ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

«ማን ነው የሠራው?»

«የሚታወቅ ነገር የለም።»

«እሺ። ይኸ አረንጓዴውስ?»

እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ከተረከዜ በላይ፣ ኖራው በተሰነጠቀበት፣ ሦስት ቀጫጭን ቅጠሎች ብቅ ብለዋል። ጭዱ ውስጥ የቀረ ፍሬ በእናቴ ጠበል በቅሎ ነው። አያ ተጎንብሶ አየው። አያ ፍርድ ቤት ቆሞ ብዙ ነገር ሊክድ ይችላል፤ እህል ግን መካድ አይችልም።

«ገብስ ነው» አለ። ቅጠሉን በጣቱ ነካ አድርጎ ደግሞ «አበቃቀሉ ሸጋ ነው» አለ።

ሐኪሟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ዞር ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው፣ አፏ ግን ይስቃል። ምርጊቱን በመዶሻ አስፈርሳ ወደ ራጅ ላከችኝ። ራጁ ሲመለስ ግን ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«አጥንቱ ተንሸራትቷል» አለችኝ። አያን አላየችውም። «በቅርብ ቀን ከሆነ ዛሬውኑ በእጅ ልመልሰው እችላለሁ። ከቆየ ግን ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ፤ ረግጠሽበታል? ከመቼ ጀምሮ?»

«አልረገጠችም» አለ አያ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔ ወኪሏ ነኝ።»

«አባቴ፣ እግሩ የማን ነው?»

አያ አፉን ከፈተ። ከዚያ የማመልከቻውን ቅጂ ፍለጋ ደረት ኪሱን ዳበሰ። ሐኪሟ እኔን እየጠበቀች ነው። ወለሉን አየሁ፤ ወለሉ ላይ የፈረሰው ምርጊት፣ በላዩ ገብሱ ተጋድሟል። ብረቱ ታየኝ። ዕድሜ ልኬን አንክሼ ስሄድ፣ ሰውም «ምን ሆና ነው?» ሲል፣ አያም «በግ ነው» ብሎ ሲመልስልኝ ታየኝ።

«ረግጬበታለሁ» አልኩ። ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። «የዛሬ ስድስት ቀን ነው። ቀጭ ብሏል።»

አንዴ ከተከፈተ በኋላ አፌ አልዘጋ አለኝ። መጸዳጃውን፣ ሽማግሌውን፣ ጠበሉን፣ ምርጊቱን፣ በጉን፣ ቃሬዛው ላይ ያለቀሱልኝን ሴቶች ሳይቀር ነገርኳት። አያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አመነች» ይላል ለራሱ። «ያልተጠየቀችውንም አመነች!»

«ስድስት ቀን ከሆነ ደርሰንበታል» አለች ሐኪሟ።

ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አጥንቱን ስትስበው ግን ጩኸቴ ማራኪ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አፍሬ ግን አልነበረም። አዲስ ጀሶ ታሰረልኝ። ስንወጣ ሐኪሟ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጠበሉን ታጠጣሽ እንጂ አታፍስበት» አለችኝ። እናቴም በዚህ ተስማማች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ስታጠጣኝ ሆዴ ጀሪካን ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀጠሮ ነበረኝ። አንዱንም አላሳለፍኩም። አያ አብሮኝ ይመጣል፤ ሐኪሟ «ያምሻል?» ስትል አፉን ይከፍትና እኔን አይቶ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ብቻ አላስቻለውም፤ «ማታ ማ...» ብሎ ጀምሮ ሳል አስመሰለው።

በመጨረሻው ቀጠሮ ጀሶው ተፈታ። እግሬ ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መስሎ ነበር። ሐኪሟ ኮሪደሩን አንዴ ሄጄ እንድመለስ አዘዘችኝ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየኝ ሄድኩ፣ ተመለስኩም። ጥቂት አነክሳለሁ፤ ይሄም እየተራመድኩ ስሄድ ይቀራል አለችኝ። ራጁን በመብራት እያሳየች «እይው፣ ቀጥ ብሏል። ካላመመሽ በቀር ከእንግዲህ ቀጠሮ የለሽም» አለችኝ።

አያ ያን ቀን ከበሩ ውጭ ነበር የጠበቀኝ። «ብቻሽን ግቢ» ያለኝ ራሱ ነው። ስወጣ ብድግ አለ።

«ምን ተወሰነ?»

«ቀጥ ብሏል አለች። ቀጠሮ የለም አያ፣ አልቋል።»

እግሬን አየ፤ ሁለት እርምጃ እንድራመድ በእጁ ምልክት ሰጠኝና ተራመድኩ። ከደረት ኪሱ የማመልከቻውን ቅጂ አውጥቶ በአራት አጠፈው፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ።

«እንግዲያው መዝገቡ ተዘግቷል። ለእናትሽ ደውይና ኤግዚቢቱን ነገ እናርደዋለን በያት። አንቺው ንገሪያት፤ አፍ አለሽ።»