በሐምሌ የገባሁት ሱባዔ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሱባዔ ገብቻለሁ፤ እሱም ውሸት ነበር። መጀመሪያ ያመኑልኝ ደግሞ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ናቸው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ሐረር ውስጥ ውሃ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሮዬ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ፣ መኖሪያዬ ግን በግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ነው። ዘመዶቼ ሁሉ ከግንብ ውጭ ሰፊ ግቢ እያላቸው ጀጎል ምን እንደወሰደኝ የሚጠይቅ ካለ፣ ዛሬ በማላስታውሰው ጉዳይ ከአባቴ ጋር ተኳርፌ ነው። ያኔ ግን ጉዳዩ ትልቅ ነበር።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ለንግድ ድሬዳዋና ጅጅጋ የሄዱባቸው የጀጎል ተወላጅ ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሁለት የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው፤ ግድግዳቸው ላይ የተደረደረው ስፌትና ውሃቸው። ውሃው እንደማንኛውም የሰፈር ሰው ውሃ ከሸዋ በር ቦኖ ተቀድቶ የሚመጣ ነው። እሳቸው ግን እንስራውን በወይራ ያጥኑታል፣ ጥላ ፈልገው ያስቀምጡታል፣ ክዳኑን ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም። ማታ ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ጣሳ ይሰጡኛል። እስክጨርስ ቆመው ያዩኛል።

«እንዴት ነው?» ይላሉ።

«ማር ነው፣ እማማ» እላለሁ። በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም በየቀኑ ማር ነው እላለሁ።

በሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሐኪም ቤት ለመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ መጣ። ጎርፍ የቧንቧውን መስመር አበላሽቶታል፤ የሸዋ በር ቦኖ ውሃ ተመርምሮ ቆሻሻ ተገኝቶበታል፤ አጣዳፊ የሆድ በሽታ ያመጣልና ሕዝቡ አፍልቶ እንዲጠጣ ቶሎ ይነገረው ይላል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ወደ እኔ ገፉት።

«ማስታወቂያ አዘጋጅ» አሉኝ። «እስኪፈረም ድረስ ግን ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ሕዝብ ይሸበራል።»

ያን ጊዜ ጥሩ ብዕር አለው የሚባልልኝ ሰው ነበርኩ። ይህን የሚሉት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ እኔ ነኝ። «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ሦስት ቃል ነው። ግን ለአንድ ሙሉ ከተማ ሦስት ቃል መወርወር ንቀት መሰለኝ። ስለዚህ «በዘመነ ክረምት ከሰማይ የሚወርደው በረከት ከምድር ጉድፍ ጋር በሚቀላቀልበት ጊዜ» ብዬ ጀመርኩ። ረቡዕን በዚች ዐረፍተ ነገር ላይ ዋልኩ። ሐሙስ አለቃዬ «ጉድፍ» የምትለውን ሰርዘው «አንዳንድ አጠራጣሪ ሁኔታ» አደረጉት። ዐረፍተ ነገሬ ስለተሰበረ ተቀይሜ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩት። ዓርብ ፈራሚው ለስብሰባ ከከተማ ወጡ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ በግማሽ ቀን ማን ይፈርማል?

ወደ ማክሰኞ ማታ ልመለስ። ቤት ገባሁ፣ ጣሳው መጣ። እጄን ዘረጋሁና መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ያ ውሃ ምን እንዳለበት ጽፌ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ለእሳቸው መንገር እንዴት አላሰብክም ትሉኝ ይሆናል። አስቤ ነበር። ግን ማኅተም ያልተመታበት እውነት ያኔ ለእኔ ገና እውነት አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነበር። ለምስጢሩ ታማኝ ነኝ ብዬ ደረቴን እየነፋሁ ለሆዴ ታማኝ መሆኔን ግን ልብ አላልኩም።

«ሱባዔ ገብቻለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ የፍልሰታ ገና አልገባም። ማንም ክርስቲያን ቢሰማኝ ይስቅብኝ ነበር።

«የናንተ ጾም ያለቀ መስሎኝ» አሉ።

«ይሄ የግሌ ነው።»

«ውሃም አይጠጣም?»

«ውሃም።»

«ማሻአላህ» አሉና በአድናቆት አዩኝ። የተቀዳ ውሃ ወደ እንስራው አይመልሱም፣ መድፋትም አይወዱም። ጣሳውን ራሳቸው ጠጡት። ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። «ጾመኛ ቤት ውስጥ አለ» ብለው የጎረቤት ልጆች በደጃችን እንዳይጮሁ ከለከሉ። በመተላለፊያው ስገባ ሴቶች ድምፃቸውን ይቀንሱልኝ ጀመር። ጾመኛው ደግሞ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲሱ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ አምስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ የፈላ ነውና። ሆዱን ነፍቶ ይመጣና በዝግታ ይራመዳል። ዝግታውንም እንደ ትሕትና ቆጠሩልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እማማ ታመሙ። መጀመሪያ የበሉት ነገር ነው አሉ። እሑድ ጠዋት ስገባ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ መደቡ ላይ ተኝተዋል። ከአጠገባቸው ጣሳው አለ፤ ሲያስመልሳቸው አድሯል፤ ሲጠማቸው ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ» አሉኝ። «የጾመኛ ዱዓ አይመለስም። ዱዓ አድርግልኝ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ሱባዔ አልገባሁም። ውሃው ነው። የቦኖው ውሃ ተበላሽቷል፤ ሳይፈላ አይጠጣም።»

«መቼ አወቅህ?»

«ማክሰኞ።»

ከጋቢው ሥር ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየሁ፤ ቀኑን እየቆጠሩ ነው። አራት ጣት አጥፈው አምስተኛው ላይ፣ በታመሙበት ቅዳሜ ላይ ቆሙ።

«ውሃ ቀጂዋን ጥራልኝ» አሉ።

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት።»

«መጀመሪያ እሷን።»

ውሃ ቀጂዋ ለሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በጀርባዋ የምታመላልስ ሴት ናት። ስትመጣ እማማ በኦሮምኛ «ቢሻን ዳንፊሳ» አሏት፤ ውሃ አፍሉ ማለት ነው። ሁለት ቃል፤ እኔ ልጽፈው ከናቅሁት በአንድ ያነሰ። ሴትዮዋ እንስራዋን እዚያው ጥላ ወጣች። እኛ ቃሬዛ ፈልገን፣ እማማን ጭነን፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ሸዋ በር እስክንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። በየቤቱ ማሰሮ ተጥዷል። አንዲት ሴት ከደጃፏ ብቅ ብላ «ሳታፈሉ እንዳትጠጡ፣ ውሃው ተበላሽቷል» ብላ አስጠነቀቀችን። አመሰገንኳት።

ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር። እውነተኛ ጾም የያዝኩት ያኔ ነው፤ ምንም አልወርድ ብሎኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ነርሷ ወጥታ ይተርፋሉ ስትለኝ አቅፌ አለቀስኩባት፤ እሷም ልጃቸው መሰልኳት።

ማስታወቂያዬ ተፈርሞና ታትሞ የተለጠፈው በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። ሸዋ በር አጠገብ ቆሜ አደነቅሁት። ጫት ይዘው ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ከጎኔ ቆሙ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ነው የሚለው።»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ ሁሉ?» ብለው ሄዱ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ዛሬም የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ጥሩ ነበረች እላለሁ።

እማማ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ዕቃዬን አስሬ ጠበቅኋቸው። አላስወጡኝም። የማክሰኞዋን ነገርም ለማንም አልተናገሩም፤ ጎረቤቱ እስከመጨረሻው በጾመኛነቴ ያከብረኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ ጣሳው እንደ ድሮው መጣ፤ የፈላ፣ የቀዘቀዘ፣ ወይራው የጠፋበት ውሃ። ግን አሁን ጣሳው ሁለት ሆነ። አንዱን ለእኔ ይሰጣሉ፣ ሌላውን በእጃቸው ይይዛሉ። እንዴት ነው ብለው አይጠይቁኝም። ጉሮሮዬን ያያሉ። እኔ ስውጥ ያኔ ይጠጣሉ።

እዚያ ቤት አራት ዓመት ኖርኩ። ከአባቴ ታርቄ በወጣሁበት ቀን ዕቃዬ አህያ ላይ ተጭኖ ደጅ ቆሟል፤ ልሰናበታቸው ገባሁ። መረቁኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ከልባቸው እንደሚወዱኝ አውቃለሁ። ከዚያ ሁለት ጣሳ ቀዱ። አንዱን ሰጡኝና የራሳቸውን ይዘው ቆሙ።

ጠጣሁ። ከዚያ ጠጡ።